ወደ ማረጥ ለተቃረበች ሴት የቻይናውያን ጠጋኝ ምግብ፦ የሚያሞቀው ወይስ የሚያረጥበው?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 47 ነው። ለንግድ ጓንግዦው ከገባሁ 6 ዓመት ሆኖኛል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ የወር አበባዬ ጊዜውን ስቷል፤ አንዳንዴ ሁለት ወር ይዘገያል። ፊቴና ደረቴ ድንገት ይግላል፤ ሌሊት በላብ ርሼ እነቃለሁ፤ አፌ ይደርቃል፣ ወገቤን ያመኛል፣ በትንሽ ነገር እናደዳለሁ። ቻይናዊት ጎረቤቴ ‹ሰውነትሽ መጠገን አለበት› ብላ በየሳምንቱ የበግ ሥጋ በዝንጅብልና በዳንግ ጉይ (የቻይና የመድኃኒት ሥር) ቀቅላ ታመጣልኛለች። ቀይ ጂንሰንግም ሰጥታኛለች። ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሙቀቱ ብሶብኛል። የደም ግፊት ክኒን እወስዳለሁ፤ ጾምም እጾማለሁ። በእነሱ ባህል ለእኔ የሚሆነው የትኛው ነው? እንዴትስ ይሠራል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ጎረቤትዎ ያደረጉት በቅንነት ነው፤ ሾርባውም በራሱ ጥሩ ሾርባ ነው። ግን የታሰበው ለሌላ ዓይነት ሴት ነው። ከጻፏቸው ምልክቶች እንደሚታየው ሰውነትዎ የጎደለው ሙቀት ሳይሆን ሙቀቱን የሚይዘው እርጥበት ነው። የበግ ሥጋ፣ ዝንጅብል፣ ዳንግ ጉይና ቀይ ጂንሰንግ አራቱም የሚያሞቁ ናቸው። ስለዚህ መባሱ የሚጠበቅ ነው። ጂንሰንጉን ከዛሬ ጀምሮ ይተውት፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር የሚወስደው ነገር አይደለም።

ጎረቤትዎ «መጠገን» ያሉት ቃል በቻይንኛ «ቡ» ይባላል። የቃሉ ጥንተ ትርጉም የተቀደደ ልብስ መጣፍ ነው። ጨርቅ የሚጣፈው ቀዳዳው የት እንዳለ ታይቶ ነው፤ በዚህ የምግብ ጥበብ ውስጥም ዋናው ሥራ ያ ነው። ከቻይና ውጭ፣ በእኛም ሰዎች ዘንድ፣ «ለሴቶች የሚሆን የቻይና መድኃኒት» ተብሎ አንዱ ለሁሉም ሲታደል የሚደርሰው ጉዳት የሚመጣው ቀዳዳውን ሳያዩ ከመጣፍ ነው።

የቻይና ጥንታዊ ሕክምና መሠረት የሆነው «የቢጫው ንጉሠ ነገሥት የውስጥ ድርሳን» የሴትን ዕድሜ በ7 በ7 ይከፍለዋል። በ14 የወር አበባ ይመጣል፤ በ28 አጥንትና ጅማት ይጠነክራል፤ በ35 የፊት ወዝ መቀነስና የፀጉር መርገፍ ይጀምራል፤ በ42 ሽበት ይወጣል፤ በ49 የወር አበባ ይቆማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው «ኩላሊት» ውስጥ የተከማቸው ስንቅ እየቀነሰ ሲሄድ ነው ይላል። ኩላሊት ሲሉ ሽንት የሚያጣራውን አካል ብቻ ማለታቸው አይደለም፤ ከወላጅ የተወረሰ የጉልበት ጎተራ እንደማለት ነው። ጎተራው ሁለት ወገን አለው፦ የሚያረጥበውና የሚያበርደው ዪን፣ የሚያሞቀውና የሚያንቀሳቅሰው ያንግ።

ድስት ያስቡ። እሳቱ ያው ነው፤ ውሃው ግን እየጎደለ ሲሄድ ድስቱ ይግላል፣ ቂጡ ያራል። ዪን የጎደለባት ሴት እንዲህ ናት። መፍትሔውም ውሃ መጨመር ነው፤ እንጨት መጨመር አይደለም። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት አለ። ጓንግዦው ውስጥ በየመንገዱ «ልያንግ ቻ» የሚባል መራራ ጥቁር የቅጠላ ቅጠል ሻይ ይሸጣል። ሙቀት ያጠፋል ሲሉ ሰምተው ይገዙት ይሆናል። እሱ የሚሠራው በዝቶ ለተንቀለቀለ እሳት ነው፦ ለጉሮሮ ቁስለት፣ ለብጉር፣ ብዙ ጥብስ ለበላ ሰው። ለእርስዎ ዓይነቱ ግን እሳቱን ሲያዳፍን ሆድንም አብሮ ያቀዘቅዛል፤ የጎደለው ውሃ ግን አይሞላም።

የዘመናዊው ሕክምና ገለጻ ሌላ ነው። ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ከፍ ዝቅ ሲል በአንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ክፍል ትንሿን ለውጥ እንደ ትልቅ ይቆጥራታል። ደም ወደ ቆዳ ይጣደፋል፣ ላብ ይከተላል። ከዚህ በታች የምገልጻቸው ምግቦች ሆርሞኑን መልሰው አይተኩም። የሚረዱት ሙቀቱን የሚቀሰቅሰውን ከገበታ በማንሳት፣ እንቅልፍና ሆድን በማስተካከል፣ አጥንት የሚፈልገውን በመስጠት ነው። ወላፈኑ (ድንገት የሚመጣው ሙቀት) ሥራ የሚያስፈታ ከሆነ ከሐኪም ጋር ስለ ሆርሞን ሕክምና መነጋገር አለብዎት፤ ምግቡ ያንን አይከለክልም።

መጀመሪያ ራስዎን ይለዩ

ጠዋት ከቡና በፊት፣ በመስኮት ብርሃን ምላስዎን ይመልከቱ። ቡና ቀለሙን ስለሚቀይረው ከጠጡ በኋላ የሚያዩት ያሳስታል። ምላሱ ቀላ ያለ፣ ሽፋኑ ስስ ወይም ጨርሶ የሌለ፣ መሐሉ የተሰነጣጠቀ ከሆነ፣ ከዚያም ጋር የሌሊት ላብ፣ የአፍ መድረቅ፣ የመዳፍና የእግር ውስጥ መጋል፣ የሰገራ ድርቀት ካለ የጎደለው ዪን ነው።

ሌላዋ ሴት እጅ እግሯ ይቀዘቅዛል፤ ፊቷ ይገረጣል፣ ጠዋት ያብጣል፤ ሰገራዋ ይላላል፤ ሌሊት ለሽንት ደጋግማ ትነሳለች፤ ምላሷ የገረጣ፣ ወፍራምና በጠርዙ የጥርስ አሻራ ያለበት ነው። እሷ የጎደላት ያንግ ነው፤ የጎረቤትዎ ሾርባም ለእሷ ነው። ሾርባው ከ1800 ዓመት ገደማ በፊት የኖረው ሐኪም ጃንግ ጆንግጂንግ በጻፈው ውስጥ የሚገኝ ነው፤ ዛሬ በቤት ሲሠራ 500 ግራም የበግ ሥጋ፣ 25 ግራም ዝንጅብልና 10 ግራም ዳንግ ጉይ ይገባበታል። ለብርዳማ የሆድ ቁርጠት ጥሩ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ የብርድ ስሜትና እብጠት የታይሮይድ ማነስ ወይም የደም ማነስ ምልክትም ስለሆነ የደም ምርመራ ይቅደም። የወር አበባዋ የሚበዛ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ ዳንግ ጉይ አትንካ፤ መድማትን ያባብሳል።

ብዙ ሴቶች ቅልቅል ናቸው፦ ራሳቸው ይግላል፣ እግራቸው ይበርዳል። ለእነሱ የሚሻለው የማያሞቅም የማያቀዘቅዝም ምግብ ነው፤ ከታች የምጽፈው የሻን ያው ገንፎ ዋናው ነው።

ለእርስዎ የሚሆነው ዋና ምግብ

ዪን አር ይባላል፤ ነጭ የዛፍ እንጉዳይ ነው። ደርቆ ሲሸጥ የስፖንጅ አበባ ይመስላል። ጓንግዦው ካለበት ከጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር አጠገብ ባለው የፉጂየን ክፍለ ሀገር የጉትየን ወረዳ በምርቱ የታወቀ ነው። በገበያ ሲመርጡ ብሩህ ነጭ የሆነውን አይውሰዱ፤ በድኝ ጢስ የነጣ ሊሆን ይችላል። ጥሩው ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሲያሸቱት አፍንጫ አይኮረኩርም።

ለሁለት ቀን የሚበቃው መጠን ይህ ነው፦ ዪን አር 10 ግራም (መካከለኛ አንድ አበባ)፣ የሎተስ ፍሬ 20 ግራም፣ ባይ ኸ 15 ግራም፣ ጎውቺ 10 ግራም፣ ውሃ አንድ ሊትር ተኩል። ባይ ኸ እንደ ነጭ ሽንኩርት ፍንካች የተደራረበ የሊሊ ሥር ነው፤ እንቅልፍ ለሚነሳ መረበሽ ይሰጣል። የላንጆው ከተማ ባይ ኸ ጣፋጭ በመሆኑ ይመረጣል። የአበባ መሸጫ የሊሊ ሥር ግን ለምግብ አይሆንም፤ ዝርያውም ሌላ ነው፣ መድኃኒት የተረጨበትም ሊሆን ይችላል። ጎውቺ በውጭ ሱቆች ጎጂ ቤሪ የሚባለው ቀይ ደቃቅ ፍሬ ነው።

ዪን አሩን በቀዝቃዛ ውሃ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይዘፍዝፉት። በፈላ ውሃ ከተዘፈዘፈ ላዩ ይለሰልሳል እንጂ ልቡ አይከፈትም፤ ሲቀቀልም ልጋጉ አይወጣም። ሲርስ ከሥሩ ያለውን ቢጫ ጠንካራ ክፍል ቆርጠው ይጣሉ፤ ቀሪውን በጣት እስከ ጥፍር መጠን ድረስ ይቆራርሱት። ብዙ ሰው ሳይሳካለት የሚቀረው እዚህ ነው። ትልልቅ አድርጎ ከተተወ ሾርባው ውሃ ሆኖ ይቀራል። የሎተሱን ፍሬ ለሁለት ከፍለው በመሐሉ ያለውን አረንጓዴ ቡቃያ ያውጡ፤ እሱ በጣም መራራ ነው። ዪን አሩንና ሎተሱን በውሃው ጥደው ሲፈላ እሳቱን ቀንሰው አንድ ሰዓት ያቆዩት። ባይ ኸ ጨምረው 30 ደቂቃ፤ በመጨረሻው 5 ደቂቃ ታጥቦ የተጠለለውን ጎውቺ ይጨምሩ። ጎውቺ ብዙ ከፈላ ይፈርሳል፣ ሾርባውን ያኮመጥጠዋል። የሚያጣፍጡ ከሆነ 10 ግራም የድንጋይ ስኳር መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ቀድሞ ከገባ ሎተሱ አይበስልም። ስኳር በሽታ ላለባት ያለ ስኳር ነው። ሾርባው ሲያልቅ እንደ ቀጭን አጥሚት መያያዝ አለበት። በቀን አንድ ጎድጓዳ ሳህን፣ ለብ ብሎ፣ ከእራት 2 ሰዓት በኋላ ወይም ለቁርስ ይጠጡ። ከማቀዝቀዣ አውጥቶ እንደ ቀዘቀዘ መጠጣት ሆድ ያስነፋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎት። ዪን አር ወይም ጥቁሩን የዛፍ እንጉዳይ ጠዋት ዘፍዝፈው ሥራ ሄደው ማታ አይመለሱበት፤ ሌሊቱንም በክፍል ሙቀት አያሳድሩት። በጓንግዦው ሙቀት እርጥብ እንጉዳይ ላይ «ቦንግክሬክ አሲድ» የሚባል መርዝ የሚያመርት ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል። መርዙ ጣዕምም ሽታም የለውም፤ መቀቀል አያጠፋውም፤ ማርከሻም የለውም። በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. በሄይሎንግጂያንግ ክፍለ ሀገር ጂሺ ከተማ የቤተሰብ ገበታ ላይ ከቀረበ የኮመጠጠ የበቆሎ ፓስታ በዚሁ መርዝ 9 ሰዎች ሞተዋል። ከ4 ሰዓት በላይ መዘፍዘፍ ግድ ከሆነ በማቀዝቀዣ ውስጥ ይሁን። የለሰለሰና የሚያዳልጥ ሆኖ ካገኙት ሳያመነቱ ይድፉት።

ጎውቺ ሲገዙ ፍሬው ከግንዱ ጋር የተያያዘበትን ጫፍ ይዩ። ያልተቀባ ከሆነ ነጣ ያለ ነጥብ ይታያል፤ ጫፉ ድረስ ደማቅ ቀይ የሆነው ቀለም የገባበት ሊሆን ይችላል። በኒንግሺያ የጆንግኒንግ ወረዳ የታወቀው ነው። በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም ይበቃል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ሴት ግን ትተወው፤ የመድኃኒቱን ኃይል ጨምሮ ደም ያፈሳል።

የስንዴና የቀይ ቴምር መጠጥ

ይህም የጃንግ ጆንግጂንግ ነው። ያለ ምክንያት ለምታለቅስ፣ ለምትረበሽ፣ ደጋግማ ለምታዛጋ ሴት ያዘዘው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ስንዴ፣ ቀይ ቴምርና ጋን ጻው የሚባል ጣፋጭ ሥር። እስከ ዛሬ በማረጥ ዕድሜ በብዛት ይሰጣል።

የእርስዎን የደም ግፊት እዚህ ላይ ላስታውስዎ። ጋን ጻው ውስጥ ያለው ግሊሲሪዚን ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ፣ ፖታስየም እንዲያጣ ያደርጋል፤ ግፊት ይጨምራል። በአውሮፓ የምግብ ሊቃውንት ኮሚቴ በ2003 እ.ኤ.አ. አዘውትሮ ለሚወሰድ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 100 ሚሊግራም ግሊሲሪዚን ነው፤ በተለመደው አሠራር የሚገባው 6 ግራም ደረቅ ሥር ብቻውን ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ እርስዎ ያለ ጋን ጻው ይሥሩት። ጣዕሙ ብዙ አይጎድልም፤ ቴምሩ ያጣፍጠዋል።

ያልተፈተገ ስንዴ 30 ግራም፣ ቀይ ቴምር 5፣ ውሃ 800 ሚሊ ሊትር። ቴምሩን ሰንጥቀው ፍሬውን ያውጡ፤ ቻይናውያን ፍሬው ያደርቃል፣ ያሞቃል ይላሉ፤ ሳይሰነጠቅም ውስጡ አይወጣም። በዝግታ 40 ደቂቃ ቀቅለው ግማሽ ሲቀር አጥለው ከሰዓት በኋላና ማታ ይጠጡ። የሌሊት ላብ ለሚያስቸግራት ቻይናውያን የሚመርጡት «ፉ ሺያው ማይ»፣ ማለትም ተንሳፋፊ ስንዴ ነው። ስንዴ ለቅማ ያጠበች የአገራችን ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፦ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ያልሞላ ፍሬ ነው። እኛ ጠልለን የምንደፋውን እነሱ ለላብ ይቀቅሉታል።

ቀይ ቴምር (ኾንግ ዛው) የእኛ ቴምር አይደለም። ዘመዱ ቁርቁራ ነው፤ የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው። የተለመደው ቴምር በስኳር እጅግ ስለሚበልጥ ምትክ አይሆንም። ከሺንጂያንግ የሚመጣው ትልቁ ኾንግ ዛው ከሆነ 3 ይበቃል። ሲበዛ ሆድ ይነፋል፤ ምላሷ ወፍራም ነጭ ሽፋን ያለባት ሴትም ሽፋኑ እስኪጠፋ ትቆይ። በጓንግዦው እርጥበት ቶሎ ይሻግታልና በማቀዝቀዣ ይቀመጥ።

ጥቁሩ ሰሊጥ፣ ሻን ያው፣ ቶፉ

በቻይና ሕክምና ጥቁር ቀለም ወደ ኩላሊት ይገባል ይባላል፤ ጥቁር ባቄላና ጥቁር ሰሊጥ የሚመረጡት ለዚህ ነው። አገር ቤት ላሉ አንባቢዎች ጭምር የምለው፣ ኑግም ጥቁር አዝሙድም ጥቁር ሰሊጥ አይደሉም። ሦስቱ ጥቁርና ደቃቅ ስለሆኑ ይምታታሉ። ጥቁሩ ከጠፋ የሁመራ ነጭ ሰሊጥ በንጥረ ነገር ይቀርባል፤ ኑግ ግን ሌላ ነው።

ሰሊጡን አጥበው፣ አድርቀው፣ በለስላሳ እሳት ያምሱት። መፈናጠር ሲጀምር ያውጡት፤ ካረረ ይመራል፣ ለጤናም አይሆንም። ሳይፈጭ ከተበላ ሳይፈጭ ይወጣል፤ ስለዚህ ይፈጭ። አንዴ የሚፈጩት የሳምንት ብቻ ይሁን፤ ዘይቱ ይበላሻል። በቀን አንድ ሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ሰገራን ያለሰልሳል። ሰገራዋ የላላ ሴት ትተወው። ዎልነት አብሮ ይገባል ይባላል፤ ዎልነት ግን ያሞቃልና ለእርስዎ በቀን ከ2 ፍሬ አይለፍ።

ሻን ያው ረጅም ቀጭን ሥር ነው፤ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚታወቀው ቦዬ የቅርብ ዘመዱ ነው። ሆድን የማያስቸግር ጠጋኝ ስለሆነ ዪን አር ሆድ ለሚነፋቸው መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነው። 100 ግራም ሻን ያው ልጠው ቆራርጠው፣ ከ60 ግራም ሩዝና ከአንድ ሊትር ውሃ ጋር 45 ደቂቃ ይቀቅሉት። ሲልጡ ጓንት ያድርጉ፤ ፈሳሹ ውስጥ ያሉ መርፌ መሰል ክሪስታሎች እጅ ያሳክካሉ። ከያዘዎት በኮምጣጤ ይታጠቡ። ይህ ሥር «የተፈጥሮ ፕሮጄስትሮን አለው» እየተባለ በቅባትና በክኒን ይሸጣል። በሥሩ ወገን ያለው ዲዮስጄኒን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ሆርሞን የሚለወጠው በላቦራቶሪ ነው፤ የሰው አካል አይለውጠውም። እንደ ምግብ ይብሉት፤ እንደ ሆርሞን አይግዙት።

ለአጥንት የሚሻለው ቶፉ፣ ማለትም ከአኩሪ አተር የሚሠራው አይብ መሰል ምግብ ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል፤ ከ50 ዓመት በላይ የሆነች ሴት በቀን 1200 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልጋታል። «ሺ ጋው» በሚባለው የጂፕሰም ዱቄት የረጋው ቶፉ በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ በእንቁላል የተሠራውና በፕላስቲክ ቱቦ የሚሸጠው ለስላሳ «ቶፉ» ግን ቶፉ አይባልም፣ ለጾምም አይሆንም። በቀን 100 ግራም ይብሉ። የአኩሪ አተር ምግብ በአንዳንድ ሴቶች ላይ ወላፈኑን በመጠኑ ይቀንሳል። የታይሮይድ ክኒን የምትወስድ ሴት ከክኒኑ 4 ሰዓት ታርቀው። የአጥንት ሾርባ ካልሲየም ይሰጣል የሚባለው ግን ስህተት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቢፈላም የሚገባበት ጥቂት ነው። አገር ቤት ላለች ሴት ጤፍ ከዚያ ይበልጥ ይሰጣታል።

ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ንዴትና ራስ ምታት ካለ፣ 3 ግራም የደረቀ የጁ ኹዋ አበባ ከ5 ግራም ጎውቺ ጋር፣ 300 ሚሊ ሊትር ፍል ውሃ አፍስሰው 10 ደቂቃ ከድነው ይጠጡ። አበባው ከአደይ አበባና ከሱፍ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው፤ እነሱ የሚያስነጥሷት ሴት አትሞክረው።

ከገበታ የሚነሳው ከሚጨመረው ባልተናነሰ ይጠቅማል። በርበሬና ሚጥሚጣ ላብን ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ማታ ማታ አልጫ ይሁን። ቡናውን ጨርሰው ይተዉ አልልም፤ ጠዋት ሁለት ስኒ፣ ከቀትር በኋላ ግን አይሁን። አልኮል ወላፈኑን ወዲያው ስለሚቀሰቅስ መተው ይሻላል። እስካሁን የጠቀስኳቸው ዪን አር፣ ባይ ኸ፣ ሎተስ፣ ስንዴ፣ ሰሊጥ፣ ሻን ያውና ቶፉ ሁሉም የጾም ናቸው። በጾም ወቅት ሾርባውን ምሳ ሰዓት ላይ እንደ መጀመሪያ ምግብ፣ ለብ ብሎ ይብሉት፤ ባዶ ሆድን ጎውቺና ስኳር ብቻቸውን አይጋጩት።

ከሱቅ ስለሚገዛው

የቻይና ጤና ሚኒስቴር በ2002 እ.ኤ.አ. ምግብም መድኃኒትም የሆኑ 87 ነገሮችን ዘርዝሯል፤ ከላይ የጠቀስኳቸው አብዛኞቹ ከዚያ ውስጥ ናቸው። ከወጥ ቤት አልፎ ወደ መድኃኒት የሚገባው ግን በሐኪም እጅ ይሁን። ለማረጥ የሚታዘዘው «አር ሺየን ታንግ» በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሻንግሃይ ውስጥ የተቀመመ ባለ 6 ቅጠላ ቅጠል መድኃኒት ነው፤ ሾርባ አይደለም። ለፀጉርና ለኩላሊት ተብሎ የሚሸጠው ኸ ሾው ዉ የተባለ ሥር ጉበት ይጎዳል፤ በብዙ አገሮች ተመዝግቧል። አይግዙት።

በ1997 እ.ኤ.አ. በ71 ሴቶች ላይ ለ24 ሳምንት በተደረገ የአሜሪካ ጥናት ዳንግ ጉይ ለብቻው ወላፈንን ከባዶ ክኒን የበለጠ አልቀነሰም። የቻይና ሐኪሞች «እኛ ለብቻው አንሰጠውም» ብለው ይመልሳሉ፤ ትክክልም ናቸው። ዳንግ ጉይ በጠርሙስ ገዝቶ ብቻውን መዋጥ ግን በሁለቱም ወገን መሠረት የለውም።

ስለ ኧጂያው በተለይ ማወቅ ያለብዎት አለ። «ደም የሚሞላ» ተብሎ ለሴቶች በብዛት የሚሸጥ ሙጫ ነው፤ የሚሠራው ከአህያ ቆዳ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ የተዘጋው በዚሁ ንግድ ሳቢያ ነው፤ የአፍሪካ ኅብረትም በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ለቆዳ ተብሎ አህያ እንዳይታረድ ወስኗል። ከሰሊጥ፣ ከዎልነትና ከቀይ ቴምር ጋር ተጋግሮ በቁራጭ ሲሸጥ ጣፋጭ ብቻ ይመስላል፤ የሩዝ ወይንም ይገባበታል። ክርስቲያንም ሙስሊምም የማይበላውን ሳያውቅ እንዳይበላ፣ በጓንግዦው የቺንግፒንግ ገበያ ቁራጭ ጣፋጭ ሲቀርብልዎ «ኧጂያው አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

እንዴት ይጀምሩ

ሁሉንም በአንድ ቀን አይጀምሩ፤ ቢባስብዎ የትኛው እንዳባሰው አያውቁም። የመጀመሪያውን ሳምንት ቀይ ጂንሰንጉን፣ የበጉን ሾርባና የማታ በርበሬን ማቆም ብቻ። በቀን ስንት ጊዜ ወላፈን እንደመጣ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቁ ይመዝግቡ። ብዙ ጊዜ ለውጡ እዚህ ላይ ይጀምራል። በሁለተኛው ሳምንት የዪን አሩን ሾርባ አንድ ቀን እየዘለሉ፤ ሆድ ከነፋዎት ወይም ሰገራ ከላላ ሻን ያው ይተካው። በሦስተኛው ስንዴውን ይጨምሩ። እስከ ስድስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ካልቀነሰ የምግቡ መንገድ ብቻውን እንዳልበቃ ይወቁና ወደ ሐኪም ይሂዱ። የደም ግፊትዎንም በየሳምንቱ ይለኩ።

ከምግብ በፊት ሐኪም የሚቀድምባቸው ጉዳዮች አሉ። ደሙ በሰዓት አንድ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ፣ ከ7 ቀን በላይ ከፈሰሰ ወይም 12 ወር ከቆመ በኋላ ጠብታም ቢታይ ምርመራ ያስፈልጋል። የሌሊት ላብ ሁሉ የማረጥ አይደለም፤ ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለ የሳንባ ነቀርሳ ይመርመሩ። የልብ ትርታ ከሙቀትና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ ታይሮይድ ይታይ። የወር አበባ ስለዘገየ ብቻ እርግዝና የለም ማለትም አይደለም፤ ምንም ዓይነት ቅጠላ ቅጠል ከመጀመርዎ በፊት የሽንት ምርመራ ያድርጉ።

ጎረቤትዎን ደግሞ አያስቀይሙ። ሾርባውን መመለስ ከባድ ከሆነብዎ በካንቶንኛ «ይት ሄይ» ይበሏቸው፤ «ሙቀት በዝቶብኛል» ማለት ነው። የጓንግዦው ሴት ይህን ቃል ስትሰማ ቅር አትሰኝም፤ ወዲያው በጉን ትታ ምን መቀቀል እንዳለባት ማሰብ ትጀምራለች። ዪን አሩን እንዲያሳዩዎት ቢጠይቋቸው ደግሞ፣ በጣት እንዴት እንደሚቆራረስ ከዚህ ጽሑፍ ይልቅ ከእጃቸው ቶሎ ይማሩታል።